ቄስ ጊዳዳ ሶለን፦ ከለማኝነት እስከ ወንጌል አገልግሎት

ከውርጌሳ ገበያ እስከ ወለጋ ድረስ በመንገድ ዳር ተቀምጦ የሚለምን ዓይነ ስውር አይተን ሳንቲም ሰጥተን አልፈናል። ያ ሰው አንድ ቀን ለእኛ ይሰብካል ብሎ ያሰበ ግን ጥቂት ነው። ቄስ ጊዳዳ ሶለን እንደዚያ ከታለፉት አንዱ ነበሩ።

የተወለዱት በምዕራብ ወለጋ፣ በደምቢዶሎ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ ነው። በአምስት ዓመታቸው ግድም ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጠፋው። በዚያን ጊዜ በአገራችን ለዓይነ ስውር ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረም። እንደ እኩዮቹ ከብት አይጠብቅ፣ እርሻ አያርስ፤ የቀረው ልመና ነበር። ጊዳዳም ለመኑ። ዓይነ ስውርነትን የወላጅ ኃጢአት ወይም እርግማን አድርጎ ማየትም የተለመደ ነበር። ደቀ መዛሙርት ጌታን የጠየቁት ጥያቄ በእኛም ሰፈር አልጠፋም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ አለ።

በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባሉ አሜሪካዊ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ከሱዳን ተነሥተው ደምቢዶሎ ገቡ። ጊዳዳ ወንጌልን የሰሙት በዚያ በተከፈተው ሚሲዮን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ሚሲዮናውያኑ የመጡባት አሜሪካ በዚያው ዘመን እንደ ጊዳዳ ያለውን ሰው በወደቧ አታሳልፍም ነበር። በ1882 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን መርዳት የማይችለውንና የመንግሥት ሸክም ይሆናል የተባለውን ከለከለ። የ1907ቱ ሕግ ደግሞ እንጀራውን ከማግኘት የሚያግድ የአካል ጉድለት ያለበትን ጨመረ። በኒውዮርክ ወደብ ሐኪሞች የመጤዎችን የዓይን ቆብ ገልብጠው ትራኮማ ይፈልጉ፣ በተጠረጠረው ሰው ልብስ ላይም በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር። ብዙዎች በመጡበት መርከብ ተመለሱ። እኛ በገበያ ዳር ያስቀመጥነውን እነሱ በወደብ መለሱት፤ ፍርዱ ግን አንድ ነው፤ ይህ ሰው ሸክም ነው የሚል።

ጊዳዳ ጌታን ከተቀበሉ በኋላ ቃሉን በጆሯቸው እየሰሙ በልባቸው አኖሩ። ልመናውን ትተው ወንጌላዊ ሆኑ። ከዚያ ጣልያን መጣ። በወረራው ዘመን (1936–1941) አሜሪካውያኑ ሚሲዮናውያን ሲወጡ ምእመናኑ ያለ እረኛ ይበተናሉ ተብሎ ይፈራ ነበር። አልተበተኑም። ሸክም የተባሉት ጊዳዳ ከባልንጀራቸው ከማሞ ጮርቃ ጋር ሆነው ቤተ ክርስቲያኒቱን ተሸከሙ። በዚያ በመከራ ዘመን የአማኞች ቁጥር ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። ኋላ የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የተባለችው ከዚህ የተነሣች ናት፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

ዛሬ በየአጥቢያችን ዓይነ ስውር ወንድም ሲመጣ ቶሎ የምናስበው የፈውስ ጸሎት ነው፤ መጸለዩ መልካም ነው። ጊዳዳ ግን ዓይናቸው ሳይበራ ነው ቄስ የሆኑት።

የሕይወት ታሪካቸውን በቃል ነግረው አስጽፈዋል፤ መጽሐፉ በ1972 የታተመው በዚያችው በኒውዮርክ ነበር። ቄስ ጊዳዳ በ1977 ወደ ጌታ ሄዱ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።