የሌላ ሰው ንድፍ፤ ጂሚ ሄንድሪክስና አንድ ዘፈን

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን አጥር ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ከድልድይ ሠሪዎች ወይም ከፈልሳፊዎች አንዱን እንደምመርጥ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት በ27 ዓመት ዕድሜው የሞተ፣ የሙዚቃ ኖታ ማንበብ የማያውቅ ጊታር ተጫዋች ነው። ምክንያቴን ባልደረቦቼ ንባቡን ሲቀጥሉ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጂሚ ሄንድሪክስ ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በሲያትል ከተማ ተወለደ። እናቱ ስትወልደው ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ አባቱም በጦር ሠራዊት ውስጥ ስለ ነበረ ልጁን ለማየት የጦርነቱን ማብቃት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ቤቱ ድህነትና ጠብ የማይለየው ነበር። እናቱ በ1958 ሞተች። የመጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያው ከቆሻሻ መካከል የተገኘ፣ አንድ ክር ብቻ የቀረው አሮጌ ዩኩሌሌ ነበር፤ ቀጥሎም በ5 ዶላር የተገዛ ጊታር ያዘ። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹንም በየተራቸው መልሶ አስሮ ይጫወት ጀመር። ይህ ነገር ለዓይን ብቻ አይደለም። በኋላ በታወቀበት በስትራቶካስተር ጊታር ላይ አንደኛው የድምፅ መቀበያ ማግኔት አግድም ሳይሆን ዘንበል ብሎ የተተከለ ነው፤ ጊታሩ ሲገለበጥ ለቀጫጭኖቹ ክሮች የታሰበው ጫፍ ከወፍራሞቹ ሥር ይውላልና ወፍራሞቹ ክሮች ከተለመደው ይልቅ ጠራ ብለው ይሰማሉ።

ወጣቱ በተሰረቀ መኪና ምክንያት ተከሶ ከእስራትና ከውትድርና እንዲመርጥ በመደረጉ በ1961 ሠራዊቱን ተቀላቀለ፤ በኬንታኪ በሚገኘው የፎርት ካምቤል ጦር ሰፈር የአየር ወለድ ወታደር ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት ያህል የሌሎች ሰዎች አጃቢ ነበር። ከአይዝሊ ወንድማማቾችና ከሊትል ሪቻርድ ኋላ ቆሞ ተጫውቷል። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትንሽ የሙዚቃ ቤት ሲጫወት ያየው ቻስ ቻንድለር የተባለ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ወደ ለንደን ወሰደው። ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከኖኤል ሬዲንግና ከከበሮ መቺው ከሚች ሚቸል ጋር ሦስት ሆነው ቡድን መሠረቱ። በዓመት ጊዜ ውስጥ እንግሊዝ አገር የነበሩ ጊታር ተጫዋቾች ሁሉ ስለ እርሱ ያወሩ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሙያችን ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የስብሰባ አዳራሹን የሚሰነጥቀውን ፉጨት የማያውቅ የለም። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መግቢያው ይገባል፤ በዙሩ ውስጥ ያለው ጉልበት በየዙሩ ከአንድ እጥፍ በላይ ሲሆን መሣሪያው በራሱ መጮህ ይጀምራል። እኛ ይህን ለማጥፋት ደመወዝ ይከፈለናል። ሄንድሪክስ ግን 100 ዋት ከሚሰጡ የማርሻል አምፕሊፋየሮች ፊት ቆሞ፣ የማጉያው አየር የጊታሩን ክር መልሶ እንዲያንቀጠቅጠው ያደርግ ነበር። ርቀቱን፣ የቆመበትን አቅጣጫና የጣቶቹን ጫና እየለዋወጠ ያንን ጩኸት እንደ ዋሽንት ያዜምበታል። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ነበሩ፤ እንደ እርሱ የገሩት ግን አልነበሩም። ረዳቱም የእኛው ሰው ነበር። ሮጀር ሜየር ቀድሞ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የድምፅና የንዝረት ምርምር ያደርግ የነበረ ባለሙያ ሲሆን፣ ኦክታቪያ የተባለውን መሣሪያ ሠርቶለታል። ይህ መሣሪያ የማዕበሉን የታች ግማሽ ወደ ላይ በመገልበጥ ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያደርገዋል። በአጭሩ በተማሪነታችን በቤተ ሙከራ የገጣጠምነው ሬክቲፋየር ነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልለፍ። ቦብ ዲላን በ1967 መጨረሻ ባወጣው አልበም ውስጥ ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር የሚል አጭር ዘፈን አለ። የጥበቃ ማማው፣ ፈረሰኞቹና የሚመጣው መዓት ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 21 የተወሰዱ መሆናቸውን መጽሐፍ የሚያውቅ ሁሉ ያስተውላል። ሙዚቃው ሦስት ኮርዶች ብቻ ናቸው፤ ወርደው ይወጣሉ፤ ይኸው ነው። ጊታር፣ ሃርሞኒካ፣ ቤዝና ከበሮ፤ ርዝመቱም ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል። ደረቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ምንም የተረፈ ነገር የሌለበት ጥሩ ንድፍ ነው።

አልበሙ በወጣ በ25ኛው ቀን፣ ጃኑዋሪ 21 ቀን 1968፣ ሄንድሪክስ ለንደን በሚገኘው በኦሊምፒክ ስቱዲዮ ይህንኑ ዘፈን መቅዳት ጀመረ። ዴቭ ሜሰን ባለ 12 ክር ጊታር ይዞ አጀበው፤ የቀረጻ ባለሙያው ኤዲ ክሬመር ነበር። ሥራው እየተደጋገመ ሲሄድ ሬዲንግ ተማርሮ ስቱዲዮውን ጥሎ ወጣ። ሄንድሪክስም ቤዙን ራሱ ተጫወተው። ያ ቀረጻ በባለ 4 መስመር ቴፕ ላይ የተሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ኒው ዮርክ ሬኮርድ ፕላንት በተባለው ስቱዲዮ ቴፑ መጀመሪያ ወደ 12፣ በኋላም ወደ 16 መስመር ተሸጋገረ፤ በተጨመሩት መስመሮችም ላይ ሰውየው ጊታሩን እየደጋገመ፣ የቀረጸውን እየደመሰሰ እንደገና ቀረጸ። አንድን ቴፕ ወደ ሌላ ባሸጋገርን ቁጥር የቴፑ ሽሽታ እንደሚጨምር እናውቃለን፤ እርሱ ግን ያን ዋጋ ከፍሎ ተጨማሪ ቦታ ገዛ። በገዛውም ቦታ መካከለኛውን የጊታር ክፍል በአራት መልክ ከፍሎ ሠራው፤ መጀመሪያ ቀጥተኛ ዜማ፣ ቀጥሎ በክሩ ላይ በሚንሸራተት ነገር የሚያቃስት፣ ከዚያ ዋዋ በሚባለው የእግር ፔዳል የሚናገር የሚመስል፣ በመጨረሻም በኮርዶች የሚመታ። ዲላን በቃል ብቻ ያስፈራራውን ማዕበል ሄንድሪክስ በድምፅ አመጣው። ቃሉንና ሦስቱን ኮርዶች ግን አልነካም።

ዘፈኑ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 20ኛ፣ በእንግሊዝ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። የተካተተበት አልበም በኦክቶበር 1968 ሲወጣ ግን ቻንድለር አብሮት አልነበረም። አንዱን ዘፈን ማለቂያ በሌለው ሁኔታ መደጋገሙ ሰልችቶት በግንቦት ወር ሥራውን ትቶ ነበር። በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ይከብደኛል። ሥራ የማስረከቢያ ቀን አለው፤ ይህን የዘነጋ መሐንዲስ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ የቻንድለር ምሬት ይገባኛል። ይሁንና ቴፑ በለንደኑ ቀን ቆሞ ቢሆን ኖሮ ስለዚህ ዘፈን ዛሬ አልጽፍም ነበር።

ሄንድሪክስ የሰዓት ቁጥጥር የሌለበት የራሱን ስቱዲዮ ለማሠራት የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ የተመረጠው ምድር ቤት ከሥሩ የተቀበረ ጅረት ያልፍበት ኖሮ ውሃ እየገባ ሥራውን አዘገየው፤ ፓምፕ መትከልና የፓምፑንም ድምፅ ማፈን አስፈለገ። ወጪው እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ስቱዲዮው ኦገስት 26 ቀን 1970 ተመረቀ። ባለቤቱ ወዲያው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በዋይት ደሴት በተደረገው ታላቅ ዝግጅት ላይ ይህንኑ የዲላንን ዘፈን ተጫወተ። ሴፕቴምበር 18 ቀን በለንደን ሞተ፤ የእንቅልፍ ክኒን ከመጠን በላይ ወስዶ በትውከት ታፍኖ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብዙ ሌሊት የደከምሁበት አንድ ንድፍ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ተለውጦ አየሁ። የእርሱ የተሻለ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ሆኖም ይህን በአፌ ለመናገር ስምንት ወር ያህል ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ዲላን ያደረገው ነገር ይገርመኛል። በ1974 ወደ መድረክ ሲመለስ ዘፈኑን የተጫወተው እንደ ራሱ አልበም ሳይሆን በሄንድሪክስ አካሄድ ነበር፤ ዘፈኑን በዘፈነው ቁጥር ለሟቹ መታሰቢያ እንደሆነ እንደሚሰማውም በኋላ በግልጽ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ከ2000 ጊዜ በላይ ተጫውቶታል፤ ከዘፈኖቹ ሁሉ በመድረክ ላይ አብዝቶ የተጫወተውም ይህንኑ ነው።