ባኽና ግራ የተጋቡት ምእመናን

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. በ1685 በጀርመን አገር በአይዘናኽ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱን በሞት ስላጣ፣ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ አሳደገው። በ1703 እርሱም በአርንሽታት ከተማ በሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ተጫዋች ሆነ።

በ1705 የአራት ሳምንት ፈቃድ ተቀብሎ፣ ስመ ጥሩውን ቡክስተሁደን ለመስማት 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ወደ ሊዩቤክ ተጓዘ፤ የፈቃዱንም አራት እጥፍ ያህል ቆየ። ሲመለስ አለቆቹ ወቀሱት። ወቀሳው ስለ መዘግየቱ ብቻ አልነበረም፤ በመዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፆች እየቀላቀለ ሕዝቡን ግራ አጋብቷልና።

ከቀሩልን ሥራዎቹ እንደምንረዳው፣ በመዝሙሩ ስንኞች መካከል ፈጣን የድምፅ ሩጫ ያስገባል፤ ዲሚኒሽድ የሚባለውንም ኮርድ ይጠቀማል። ሲ፣ ሬ፣ ፋና ላ ፍላት አብረው ሲመቱ ይህ ኮርድ ይገኛል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል አንድ ተኩል ቶን ስለሆነ ጆሮ ማረፊያ ያጣል፤ ወደ ዶ ሲደርስ ግን እፎይ ይላል። የሚያዳምጠውን ያስደስታል፤ የሚዘምረውን ግን መግቢያ ያሳጣዋል። ስለዚህ በአለቆቹ አንፈርድም።

አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም በሆኑበት በወሎ ለምንኖረው ግን ድምፁ ፍጹም ባዕድ አይደለም። አንቺ ሆዬ ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ነው፤ ሶል ፍላትን፣ ላንና ዶን አንድ ላይ ብንመታ ባለ ሦስት ድምፁ ዲሚኒሽድ ይወጣል። ኩታበር ላይ ኪቦርድ የሚለማመድ ወጣት ይሞክረው።

ባኽ በ1707 አርንሽታትን ለቀቀ። በ1723 ላይፕሲግ ገባ፤ በ1733 ኪርያላይሶንና ግሎሪያን ደርሶ ለድሬስደኑ ካቶሊክ መስፍን አበረከተ። ዓይኖቹን ታክሞ ሳይድን በ1750 ዐረፈ።