ኸሊፋ ዑመር እና የከተማ አሠራር፦ ከኩፋ ጎዳናዎች እስከ መዲና ገበያ

የሁለተኛው ኸሊፋ የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ስም ሲነሳ አብዛኛው አንባቢ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ፍትሓዊነታቸውን፣ ጠንካራ ባሕርያቸውንና በዘመናቸው ወደ እስልምና ግዛት የተጠቃለሉትን ሰፊ አገሮች ነው። ከተማ እንዴት ይቆርቆር፣ መንገድ ምን ያህል ይስፋ፣ ነጋዴ ዕቃውን የት ይዘርጋ፣ የጎረቤት መስኮት ወዴት ይመልከት በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ያሳለፏቸው ውሳኔዎች ግን እምብዛም አይነገርላቸውም። ሆኖም እነ አጥ-ጠበሪ፣ አል-በላዙሪ፣ ኢብን ሰዕድና ኢብን ዐብዱል ሐከም የመሳሰሉት የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚሁ ጉዳይ ያስተላለፉት ዘገባ ቀላል አይደለም።

ዑመር የተወለዱት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ584 ገደማ በመካ ከተማ፣ ከቁረይሽ ነገድ ከበኑ ዐዲይ ጎሣ ነው። በልጅነታቸው የአባታቸውን ግመሎች ጠብቀዋል፤ ካደጉም በኋላ በንግድ ተሰማርተዋል። ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት ጥቂት መካውያን አንዱ ነበሩ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በስድስተኛው ዓመት ገደማ እስልምናን ተቀበሉ፤ በ622 ወደ መዲና ተሰደዱ፤ አቡ በክር (ረ.ዐ.) በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (634) ሲያርፉ የኸሊፋነቱን ኃላፊነት ተረከቡ። ነጋዴ እንደነበሩ እዚህ ላይ መጠቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ገበያን ያውቁት የነበረው ከሩቅ እንደሚቆጣጠር ሹም ሳይሆን ራሱ ገዝቶ እንደሸጠ ሰው ነው።

ኢራቅ በሙስሊሞች እጅ ከገባች በኋላ በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) የሚመራው ሠራዊት በቀድሞዋ የፋርስ መዲና በመዳኢን ሰፍሮ ነበር። ከዚያ ወደ መዲና የሚመጡት መልእክተኞች ፊታቸው ገርጥቶ፣ ሰውነታቸው ከስቶ የተመለከቱት ኸሊፋ ምክንያቱን ጠየቁ። የአካባቢው አየር ለበረሓው ሰው እንዳልተስማማው ተነገራቸው። ስለዚህ ሰልማን አል-ፋሪሲይና ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ.) ለሰውም ለግመልም የሚስማማ፣ በእርሱና በመዲና መካከል ወንዝም ባሕርም የማይገባበት ቦታ እንዲፈልጉ ታዘዙ። በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ፣ ከጥንታዊቷ ሒራ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበትን ሜዳ መረጡ። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ (638) የተቆረቆረችው ኩፋ ይህች ናት።

ነዋሪዎቹ በመጀመሪያ በድንኳን ሰፈሩ። ጥቂት ቆይተው ግን የኩፋም የበስራም ሰዎች በሸምበቆ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁ። ዑመር ለዘመቻ ዝግጁ ሆኖ ለሚኖር ሕዝብ ድንኳን ይሻላል የሚል አሳብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ከሰዎቹ ፍላጎት መቃረን አልወደዱም፤ ፈቀዱ። ብዙም ሳይቆይ ኩፋ በእሳት ጋየች። አጥ-ጠበሪ እንደዘገበው 80 የሸምበቆ ቤቶች ነደዱ። ሰዎቹ እንደገና መልእክተኛ ላኩ፤ በዚህ ጊዜ የጠየቁት በጡብ ለመሥራት ነበር። ኸሊፋው ይህንንም ፈቀዱ፤ ግን ገደብ አበጁለት። ማንም ሰው ከ3 ክፍል በላይ እንዳይሠራ፣ በሕንፃ ቁመትም እንዳይፎካከሩ አዘዙ። ተገቢው መጠን ምንድን ነው ብለው ለጠየቁት ደግሞ ወደ ብክነት የማያቀርብ፣ ከልከኝነትም የማያወጣ ነው የሚል መልስ ሰጧቸው።

የእሳቱ አደጋ ያስከተለው ነገር የግንባታ ዕቃ ለውጥ ብቻ አልነበረም። ከተማዋ በሥርዓት እንድትሸነሸን መመሪያ መጣ፤ የሽንሸናው ኃላፊነት ለአቡል ሀያጅ አል-አሰዲ ተሰጠ። ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች 40 ክንድ፣ ቀጥለው ያሉት 30 ክንድ፣ መካከለኞቹ 20 ክንድ እንዲሆኑ፣ ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎችም ከ7 ክንድ እንዳያንሱ ተወሰነ። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው ብንል ትልቁ ጎዳና 20 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ ለዛሬ ከተማ እንኳ የሚያሳፍር ስፋት አይደለም። 7 ክንድ የሚለው ልክ እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይመስልም፤ ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ 7 ክንድ እንዲደረግ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈ ሐዲሥ አለ። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ የሆነው ነገርም ሊታለፍ አይገባውም፤ አስተያየት ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው በልኬቱ ላይ መከሩ፤ አቡል ሀያጅም መሬቱን ያከፋፈለው እነርሱ በተስማሙበት መሠረት ነበር። የጎዳናው ልክ ከመዲና መጣ፤ ድርሻው የተደለደለው ግን በቦታው ባሉት ሰዎች ምክክር ነው።

በኩፋ መጀመሪያ ምልክት የተደረገበት ቦታ መስጂዱ ነው። ክንደ ብርቱ ቀስተኛ በመካከል ቆሞ በየአቅጣጫው ቀስት እንዲወረውር ተደረገ፤ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ቀስቱ ካረፈበት አልፎ እንዲሠራ ተነገረው። በዚህ መንገድ በመስጂዱ ዙሪያ ማንም የማይነካው ሰፊ አደባባይ ተገኘ።

ገበያውም በዚሁ አካባቢ ነበር፤ ሕንፃም ጣሪያም ግን አልነበረውም። የገበያ ሕግ እንደ መስጂድ ሕግ እንዲሆን ኸሊፋው ወስነው ነበር፦ ቀድሞ የደረሰ ሰው የተቀመጠበት ቦታ፣ ሸጦ እስኪጨርስ ወይም ወደ ቤቱ እስኪሄድ ድረስ የእርሱ ነው፤ በማግሥቱ ግን ለቀደመው ሌላ ሰው ይሆናል። ኪራይ የለም፤ የማዕዘን ሱቅ ይዞ ለልጅ ልጅ ማውረስም የለም። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች የሱቅ ቦታ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ውሳኔ ክብደት ለመረዳት አይቸገርም። ሀብታሙም ድሀውም ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ መነሣት ነበረበት።

የዚህ ሥርዓት ምንጭ የመዲና ገበያ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሙስሊሞች የለዩት ያ ገበያ ክፍት ሜዳ ነበር፤ ግብርም አይከፈልበትም። የመዲና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ዑመር አንድ ቀን በገበያው ሲያልፉ አንድ ብረት ቀጥቃጭ የተከለውን ምድጃ አዩ፤ የረሱልን ገበያ ታጠባለህ ብለው በእግራቸው መትተው አፈረሱት። ነገሩ ለቀጥቃጩ ከባድ ነበር፤ እንጀራው ነውና። ኸሊፋው የታያቸው ግን የሚከተለው ነው፤ ዛሬ አንድ ምድጃ፣ ነገ አንድ ግድግዳ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ጣሪያ እያለ የሁሉ የነበረው ሜዳ የጥቂቶች ይሆናል። ሥጋታቸው መሠረት አልነበረውም ለማለት ያስቸግራል። በኡመያዎች ዘመን፣ በኢራቁ አገረ ገዢ በኻሊድ አል-ቀስሪ እጅ፣ የኩፋ ገበያ ጣሪያ ባላቸው ሱቆች ተሞላ። ሱቆቹ ከፀሐይና ከዝናብ አስጥለዋል፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጥ የሚለው ደንብ ግን በእነርሱ ሥር ቦታ አልነበረውም።

ሹማምንቱም ከዚህ ቁጥጥር አላመለጡም። ሰዕድ በኩፋ የሠሩት መኖሪያ ከገበያው አጠገብ ስለነበረ ጫጫታው አላናግር አላቸው፤ በር አበጅተው ዘጉ። ሰዎችም ቤቱን የሰዕድ ግንብ ይሉት ጀመር። ወሬው መዲና ሲደርስ ዑመር ሙሐመድ ኢብን መስለማን (ረ.ዐ.) ላኩ፤ መልእክተኛውም ኩፋ እንደደረሱ እንጨት ገዝተው በሩን አቃጥለው ተመለሱ። ሰዕድ ስለ ገበያው ጫጫታ ተናገሩ የተባለውን ቃል እንዳልተናገሩ ማሉ፤ ኸሊፋውም አመኗቸው። ቆየት ብሎ በሰዕድ ላይ ሌላ ክስ ሲነሣ ደግሞ ጉዳዩ በመዲና ብቻ አልታየም። አጣሪዎች ወደ ኩፋ ተልከው መስጂድ ለመስጂድ እየዞሩ ነዋሪውን ስለ ገዢው ጠየቁ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም አመሰገኗቸው። ዑመር ያም ሆኖ ከሹመቱ አነሷቸው፤ በኋላ ግን በመሞቻቸው አልጋ ላይ ሆነው ያነሷቸው ለድክመት ወይም ለክህደት እንዳልነበረ መሰከሩላቸው።

በግብፅ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ፉስጣጥን በቆረቆሩ ጊዜ ኻሪጃ ኢብን ሑዛፋ የተባሉት ሶሓባ በቤታቸው ላይ ሰገነት ሠሩ። ዜናው መዲና ደረሰ። የኸሊፋው መመሪያ ፎቅ አይሠራ የሚል አልነበረም፤ ይልቁንም ሊለካ የሚችል ነገር ነበር። በሰገነቱ ውስጥ አልጋ ይቀመጥ፤ በላዩ ረጅምም አጭርም ያልሆነ ሰው ይቁም፤ በመስኮቱ የጎረቤቱን ግቢ ማየት ከቻለ ሰገነቱ ይፍረስ፤ ካልቻለ ይቆይ። ኢብን ዐብዱል ሐከም ያቆየልን ይህ ዘገባ በብዙ ከተሞች የጎረቤትን ገመና ለመጠበቅ ከወጡት የሕንፃ ደንቦች ጋር አንድ ዓይነት መንፈስ አለው።

ዑመር ራሳቸው ባለጉዳይ ሆነው የቀረቡበት ጊዜም ነበር። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩን መስጂድ ማስፋት ሲጀምሩ የአል-ዐባስ (ረ.ዐ.) ቤት መንገድ ላይ ገባ። ሦስት ምርጫ አቀረቡላቸው፦ እንዲሸጡት፣ በመዲና በሌላ ቦታ ቤት ተሠርቶላቸው እንዲለውጡት፣ ወይም ለሙስሊሞች እንዲሰጡት። አል-ዐባስ ሦስቱንም አልተቀበሉም። ሁለቱ ወደ ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ.) ዘንድ ለዳኝነት ሄዱ፤ ኡበይም በኸሊፋው ላይ ፈረዱ። ዑመር ፍርዱን ተቀበሉ። አል-ዐባስ መብታቸው ከተረጋገጠላቸው በኋላ ግን ቤቱን ያለ ዋጋ በፈቃዳቸው ሰጡ።

በመካ የሆነው ከዚህ ይለያል። በካዕባ ዙሪያ ቤቶች ተጠጋግተው ጠዋፉን አጥብበውት ስለነበር ዑመር እየገዙ አፈረሷቸው፤ አንሸጥም ያሉት ሰዎች ቤትም ፈረሰ፤ ዋጋው ባለቤቶቹ እስኪወስዱት ድረስ በካዕባ ግምጃ ቤት ተቀመጠ። ምክንያታቸው ካዕባ ቀዳሚ ነው፤ ቤቶቹ በግቢው ላይ የመጡ ናቸው የሚል ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ዓመት የተሰጡ ሆነው ሲታዩ ለማስታረቅ ያስቸግራሉ። ልዩነቱ ያለው ማን ቀድሞ ነበር በሚለው ላይ ይመስላል፤ ይህ የገበያው ሜዳ ደንብ ራሱ ነው።

የመዲናው መስጂድ ሲሠራ ዑመር ለግንበኛው የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነበር። ሰዎችን ከዝናብ የሚከልል ይሁን፤ በቀይና በቢጫ ቀለም ማስዋብ ግን ይቅር፤ የሰጋጁን ልብ ይሰርቃልና። ጮክ ብሎ መነጋገር ወይም ግጥም ማሰማት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከመስጂዱ ጎን ቡጠይሓ የተባለ ቦታ አዘጋጁ። ወሬኛውን ከመከልከል ቦታ መስጠቱ እንደሚሻል ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ (644) መጨረሻ ላይ የሱብሕን ሶላት በማሰገድ ላይ ሳሉ አቡ ሉእሉአ በተባለ ሰው በጩቤ ተወጉ። ተተኪያቸውን ራሳቸው አልሾሙም፤ 6 ሶሓባ ተመካክረው ከመካከላቸው እንዲመርጡ አደራ ሰጡ። ከዚያም ልጃቸውን ዐብዱላህን ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላኩ፤ በቤታቸው ውስጥ ከሁለቱ ባልደረቦቻቸው ጎን ለመቀበር እንዲፈቅዱላቸው ለመጠየቅ ነበር። አሚሩል ሙእሚኒን ላከኝ እንዳይል፣ ዑመር ላከኝ እንዲል አስጠነቀቁት። ዓኢሻ ቦታውን ለራሳቸው አስበውት የነበረ ቢሆንም ፈቀዱ። ዑመር ግን በዚህ አልረኩም፤ ከሞቱም በኋላ አስከሬናቸው በር ላይ ሲደርስ ፈቃድ ዳግመኛ እንዲጠየቅ፣ ካልተፈቀደም ወደ ሙስሊሞች መቃብር እንዲወሰዱ ተናዘዙ። አስከሬናቸው በደረሰ ጊዜ ዐብዱላህ ሰላምታ አቅርቦ ፈቃድ ጠየቀ፤ ዓኢሻም አስገቡት አሉ።