ራስ ተሰማ ናደውና የጥይት ነገር

በዚህ እትማችን ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጎሬ ከተማ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ስለ ገዙት ስለ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ጥቂት እናወጋችኋለን። ታሪካቸውን የምናየው በጥይት በኩል ነው። የዚያ ዘመን ሥልጣን በምን ላይ ቆሞ እንደነበረ እሱ በደንብ ያስረዳልና።

ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከታወቁት የጦር መሪዎች አንዱ ነበሩ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ኢሉባቦር በምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ አገሩን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ፤ ጎሬም መቀመጫቸው ሆነች። ተከትሏቸው የመጣው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመራለት። ስሙም ነፍጠኛ ተባለ፤ ነፍጥ ያዥ ማለት ነው። ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆኖ የቀረው በዚሁ ነፍጥ ኃይል ነው።

በዚያን ጊዜ በሠራዊቱ እጅ በብዛት ከሚገኙት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የሠራችው፣ 11 ሚሊ ሜትር አረር የሚተኩስ፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበንን ስትታጠቅ አሮጌው ውጅግራ ለገበያ ወጣና ወደ አገራችን ጎረፈ። ታዲያ ጥይቱስ? ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ሳይገባም ራስ ተሰማ አረፉ። ስለዚህ ጥይት ከባሕር ጠረፍ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ በኋላ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እንዲህ ውድ ከመሆኑ የተነሣ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር።

እንግዲህ ቀለህ አይጣልም። የተተኮሰውን ለቅሞ፣ አገር ውስጥ የተቀመመ ጥቁር ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳስ አቅልጦ አረር አበጅቶ እንደገና መተኮስ የታወቀ ሙያ ነበር። ግን የእጅና የፋብሪካ አንድ አይደለም። የፋብሪካው ውጅግራ ጥይት 5 ግራም ከሩብ ያህል ባሩድና 25 ግራም ያህል አረር አለው፤ አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለይም። በእጅ የተሞላው አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል፤ ባሩዱ እርጥበት ከሳበ ደግሞ ይከሽፋል። የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቁት ነው። ከሁሉ የከበደችው በቀለሁ ቂጥ ያለችው ትንሿ መቀጣጠያ ናት፤ እሷን እንደ አረሩ በምድጃ አቅልጦ ማበጀት አይቻልም። ለበን ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድ ይፈልጋል፤ በአገር ባሩድ ጉልበቱ ከንቱ ይሆናል።

ተሰማ ገና ደጃዝማች ሳሉ፣ በ1890 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ነጭ ዓባይ ላኳቸው። ከጉዞው ጋር ፈረንሳዊው ፌቭር፣ የስዊስ ሠዓሊው ፖተርና የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ነበሩ። የሠራዊቱ አንድ ክፍል በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ደረሰ፤ የፈረንሳዩ ማርሻን ፋሾዳ የገባው በሐምሌ ነው። ነገር ግን ቆላው ጠላት ሆነ። ወባው ደገኛውን ወታደር ፈጀው፣ ስንቁም አለቀ፤ ሠራዊቱ ሰንደቅ ተክሎ ተመለሰ። ነፍጥ የያዘ ሁሉ አገር ይዞ መቆየት አይችልም ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ አገራችን ሲዋዋሉ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያ ለመቆጣጠርም ተስማሙ። ፋብሪካው የማን እንደሆነ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ጠመንጃው በእጃችን ቢሆንም ቃታው ገሚሱ በነሱ እጅ ነበር።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. ምኒልክ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ሞግዚትነቱ ለራስ ተሰማ ተሰጠ። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ እንደራሴው የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው አደረጉ። ግን ብዙም አልቆዩ፤ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. አረፉ።

መምህራን የምንሆን ሁሉ ይህን ልብ እንበል። ጎሬ ላይ ቀለህ የሚሞላ ብልህ እጅ ነበረ፤ ያቺን ትንሽ መቀጣጠያ የሚሠራ የኬሚስትሪ ትምህርት ግን አልነበረም። በገባሩ ላብ የተገዛው ጥይት ገባሩን መልሶ ሲጠብቀው ኖረ፤ ከዚያ ሁሉ ላብ ለገባሩ ልጅ አንድ ትምህርት ቤት አልተረፈም።