ከዳኝነት ወንበር ወደ ተከሳሽ ስፍራ፦ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት

በጎጃም ደጋ ሙግት የዕለት ኑሮ ክፍል ነበር። ሁለት ባላንጣዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ የሚያልፈውን መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል፤ እርሱም ነገራቸውን ሳይሰማ ማለፍ ነውር ነበር። ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ፣ በላ ልበልሃ እየተባባለ፣ እውነቱን በራሱ አንደበት ያስረዳል። በአገሪቱ ከፍተኛ ችሎትም ቢሆን ሥርዓቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ይህን ሥርዓት ከሁለቱም ወገን ያዩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

ራስ ኃይሉ በ1860 ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ጎጃምን እስከ 1893 ገዝተዋል፤ የቀድሞዋ መንቆረርም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችው በእርሳቸው ዘመን ነው። ልጃቸው ጎጃምን ከ1900 ገደማ ጀምሮ ለሃያ አራት ዓመታት ያህል አስተዳደሩ። በ1916 ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮጳን ጎብኝተዋል። ለገንዘብና ለንግድ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነበር፤ የግብሩ ክብደትም ባላገሩን አስመርሮ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በጎጃም ላይ ፈራጁ እርሳቸው፣ ቆሞ የሚያስረዳው ግን ሌላው ሰው ነበር።

በግንቦት 1924 ነገሩ ተገለበጠ። በ1909 ከሥልጣን የወረዱት ልጅ ኢያሱ ታስረው ከነበሩበት ከፍቼ አመለጡ፤ ወዲያውም ተያዙ። ራስ ኃይሉ በማስመለጡ ሤራ ተከሰሱ። ልጅ ኢያሱ የሴት ልጃቸው የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ባል ነበሩና ክሱ ከዝምድናም ጋር የተሳሰረ ነበር።

የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ወጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ በዙፋን ችሎት ልማድ ተከሳሽ ራሱ ቆሞ ይመልሳል፤ በፍርድ የተቀመጡት ሹማምንትም ተራ በተራ ሐሳብ ይሰጣሉ። ታናሹ የታላቁን ቃል ፈርቶ እንዳይከተል ፍርዱ ከበታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነው። በእንግሊዝ አገር እንኳ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃው ለፈራጆቹ ሙሉ ንግግር እንዲያደርግለት የተፈቀደው በ1836 እ.ኤ.አ. ነው።

የእንዲህ ያለ ችሎት ሸክም በፈራጁ ላይ ይከብዳል። በተከሳሹና በነገሩ መካከል የሚቆም ጠበቃ የለም፤ ፈራጁ የሚሰማው ማስረጃውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ድምፅ፣ ኩራት፣ ዝናና ዘመድም ጭምር ነው። ንግግር አዋቂ ጥፋቱን ሊሸፍን፣ አንደበቱ የታሰረ ንጹሕ ሰው ሊፈረድበት ይችላል። ራስ ኃይሉን ያወቀ ፈራጅም የግብሩን በደልና የፍቼውን ክስ ለይቶ መመዘን ነበረበት፤ አንዱ ለሌላው ማስረጃ አይሆንምና።

የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ሲለቁ እስረኛውን በባቡር ይዘዋቸው ሄዱ፤ ራስ ኃይሉ ግን ድሬዳዋ ላይ ቀርተው ከጣልያን ጋር ተሰለፉ። በእርሳቸው አማላጅነት እጃቸውን የሰጡት የራስ ካሣ ልጆች፣ አበራና አስፋወሰን፣ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። ለእነርሱ ቆሞ መልስ የሚሰጡበት ችሎት አልተዘረጋም።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1933 ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ በቁጥጥር ሥር ቆይተው በ1940ዎቹ መጀመሪያ አረፉ።

የኋለኛው ሥራቸው የ1924ቱን ፍርድ ትክክል ያደረገው የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1924 የተቀመጠ ፈራጅ 1929ን አላየም፤ ሊፈርድ የሚገባውም በፊቱ በቆመው ሰውና በቀረበው ክስ ብቻ ነበር። በባልደረባው ጥፋት ላይ ሐሳብ እንዲሰጥ የሚጠራ ባለሙያ ሁሉ ያለበት ግዴታ ይኸው ነው፤ ተከሳሹን እስከ መጨረሻ መስማት፣ ከበታች ጀምሮ ያለ ፍርሃት መናገር፣ ስለ ሰውየው ያለውን አስተያየት ከነገሩ ለይቶ መያዝ።