ለንጉሥም ቢሆን አንድ ሚስት ያለው አባ ፊልጶስ

ከሱሉልታ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፋችሁ ስትሄዱ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የደብረ ሊባኖስን ገዳም ታገኛላችሁ። እኛ ወንጌላውያን አብዛኛውን ጊዜ በአጠገቡ አልፈን እንሄዳለን። እኔ ራሴ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ሉተርና ስለ ካልቪን ብዙ አንብቤ፣ ስለ አባ ፊልጶስ የሰማሁት ግን ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ዛሬ ስለዚህ ሰው ልተርክላችሁ እወዳለሁ።

ፊልጶስ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር ነበር። ገዳሙ በዚያን ጊዜ ደብረ አስቦ ይባል ነበር። መምህሩ ካረፉ በኋላ የተተካው ኤልሳዕ ብዙም ሳይቆይ ስለሞተ፣ ፊልጶስ ሦስተኛው አበምኔት ሆነ። ከግብፅ የመጣው ጳጳስ አቡነ ያዕቆብም የሸዋን መነኮሳት አደራጅቶ፣ ወንጌል ወዳልደረሰበት አገር ሲያሰማራ ዋነኛ ረዳቱ እርሱ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314-1344) ኃይለኛ ንጉሥ ነበሩ፤ ግዛታቸውን በጦርነት በእጅጉ አስፍተዋል። እንደ ነገሥታቱ ልማድ ግን ከአንድ በላይ ሚስት ነበራቸው፤ የአባታቸውንም ሚስት ወስደዋል ተብለው ተከሰዋል። ይህ የሥጋ ምኞት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ንጉሥ ከየአገሩ ባላባት ቤት ሲያገባ አገሩን ከዙፋኑ ጋር ያስተሳስራል። ስለዚህ አንዷን ብቻ ያዝ ማለት መንግሥትህን አፍርስ የማለት ያህል ይሰማ ነበር።

ዛሬ በገላንም ሆነ በሰበታ በሚስቱ ላይ ሌላ የሚያገባ ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 ይጠየቃል፤ ምንም እንኳ አንቀጽ 651 በሕግ ዕውቅና ባገኘ ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ሥርዓት የተፈጸመውን ነጻ ቢያደርገውም። በፊልጶስ ዘመን ሕጉ የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ነበር፤ ዳኛው ግን ተከሳሹ ንጉሥ ራሱ ነው። ከሳሽ ለመሆን የደፈሩት መነኮሳት ናቸው፤ በጸሎተ ሚካኤል፣ አኖሬዎስ፣ ከዚያም ያዕቆብና ፊልጶስ። መልሱ ግርፋትና ግዞት ሆነ። አንዳንዶቹ ወደ ትግሬ፣ አንዳንዶቹ ወደ ጣና አካባቢ፣ አንዳንዶቹም ወደ ዝዋይ ደሴቶች ተበተኑ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው ሁሉ፣ የተበተኑት በደረሱበት ማስተማራቸውን አልተዉም።

ዓምደ ጽዮን ሲሞቱ ልጃቸው ሰይፈ አርዕድ ነገሡ። አዲሱ ንጉሥ ስደተኞቹን መለሱ፤ በአንዲት ሚስት ለመጽናትም ቃል ገቡ። ነገሩ አበቃ ተብሎ ነበር። ንጉሡ ግን ቃላቸውን አጥፈው እንደ አባታቸው ሦስት ሚስቶች አገቡ። እስቲ አስቡት፤ ፊልጶስ በዕድሜ የገፋ፣ የስደትን መከራ የቀመሰ ሰው ነው። አንዴ ተናግሬያለሁ ብሎ ዝም ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን ከጳጳሱ ጋር ሆኖ እንደገና ገሠጸ። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ተባረረ፤ ፊልጶስም ዳግመኛ ተሰደደ።

ይህን ስጽፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። አንድ ወንድም በስውር ሁለተኛ ቤት መሥርቶ ነበር፤ ለጸሎት ቤታችን ግንባታም ከሁሉ ይበልጥ የሰጠው እርሱ ነው። ሄጄ እስክናገረው ድረስ ስንት ወር እንዳለፈ እኔና ጌታ እናውቃለን።

የእኛዎቹ የተሐድሶ አባቶችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። ጀርመን ውስጥ የሄሰ መስፍን ነበር፤ ስሙም ፊልጶስ ነው። የተሐድሶው ጠባቂ እርሱ ነበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሌላ ለማግባት ፈለገ፤ ይህም በ1532 በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ሕግ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ሉተርና ሜላንክቶን ግን በታኅሣሥ 1539 በምስጢር እንዲያገባ ፈቀዱለት። በ1540 አገባ፤ ወሬው ሲወጣ ሉተር ካዱ ብሎ መከረ። መስፍኑም ቅጣቱን ፈርቶ በ1541 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተዋዋለ፤ የተሐድሶውም ወገን በዚህ ክፉኛ ተዳከመ። ሉተርን እወደዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን የእኛው መነኩሴ ይበልጥብኛል።

አባ ፊልጶስ ወደ ገዳሙ አልተመለሰም፤ በስደት እንዳለ አረፈ። ነገሥታቱም ልማዳቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1445 ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ከአንድ በላይ ንግሥት ነበራቸው። የፊልጶስ አፅም ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአበምኔቱ መርሐ ክርስቶስ ዘመን ከስደት ቦታው ወጥቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለሰ።