ዡል ቬርንና የካፒቴን ኔሞ ማንነት

አንድ ደራሲ ካለፈ በኋላ ድርሰቱ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ የጥበብ ዘርፍ እንደገና ሊወለድ ይችላል። ይህ ዕድል ከገጠማቸው ደራሲያን አንዱ ፈረንሳዊው ዡል ቬርን ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዡል ቬርን በ1828 ናንት በምትባለው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ስለ ነበር የበኵር ልጁ ሕግ ተምሮ ሥራውን እንዲወርስለት ይመኝ ነበር። ልጁም የአባቱን ፈቃድ በማክበር ፓሪስ ሄዶ ሕግ ተማረ፤ ተመረቀም። ይሁን እንጂ ልቡ ያደላው ወደ ድርሰት ነበር። ስለዚህ በ1852 የአባቱን የጥብቅና ቢሮ እንዲረከብ በተጠየቀ ጊዜ እምቢ አለ።

ውሳኔው ዋጋ አስከፍሎታል። በአንድ ቲያትር ቤት በጸሐፊነት ቢሠራም ገቢው ኑሮውን የሚደጉም አልነበረም። በ1857 ትዳር ከያዘ በኋላ ቤተሰቡን ለማስተዳደር ሲል በአክሲዮን ገበያ ተቀጠረ። ሆኖም ማልዶ እየተነሣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይጽፍ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውንም በቤተ መጻሕፍት ስለ ጂኦግራፊና ስለ አዳዲስ የሳይንስ ግኝቶች በማንበብ ያሳልፍ ነበር። በ1862 ኤትዜል ከሚባል አሳታሚ ጋር ተዋወቀ። በማግሥቱ ዓመትም በፊኛ ተሳፍረው አፍሪካን ከዛንዚባር እስከ ሴኔጋል ስላቋረጡ መንገደኞች የሚተርከው መጽሐፉ ታትሞ ዝናን አተረፈለት።

ኤትዜል ባለውለታው ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ ሐሳቡን ይገድብበት ነበር። ቬርን በ1869 መታተም በጀመረው ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች በሚለው ድርሰቱ ናውቲሉስ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ የሚመራውን ካፒቴን ኔሞን ፈጠረ። ኔሞ በሩሲያ መንግሥት ቤተሰቡ ያለቀበትና በቀሉን የሚወጣ ፖላንዳዊ እንዲሆን አስቦ ነበር። አሳታሚው ግን ይህ ሩሲያን ያስቀይማል፣ የመጽሐፉንም ገበያ ይጎዳል ብሎ ስለ ሰጋ አልፈቀደም። ስለሆነም ቬርን የኔሞን አገርና ዘር ሰውሮ አለፈው። ኔሞ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣ የሕንድ መስፍን መሆኑ የተገለጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሚስጥራዊው ደሴት በተባለው መጽሐፍ ነው።

ቬርን ከ1871 ጀምሮ በአሚየን ከተማ ተቀመጠ። በ1886 የወንድሙ ልጅ በጥይት ስላቆሰለው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያነክስ ነበር፤ ብዕሩን ግን አላስቀመጠም። ከሃምሳ በላይ ልብ ወለዶችን ጽፎ በ1905 አረፈ።

ጃፓን ቬርንን ያወቀችው በሕይወት ሳለ ነበር፤ በሰማንያ ቀን ዓለምን ስለ መዞር የጻፈው መጽሐፍ በ1878 ወደ ጃፓንኛ ተተርጕሟል። በ1990 ደግሞ የጃፓን ብሔራዊ ቴሌቪዥን ናዲያ የተባለች ልጃገረድ ታሪክ የሚነገርበትን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ማሳየት ጀመረ። መነሻ ሐሳቡ የሃያኦ ሚያዛኪ ሲሆን፣ አዘጋጁ ሂዴአኪ አኖ ነው። በ39 ክፍሎች የቀረበው ይህ ፊልም ናውቲሉስንና ካፒቴን ኔሞን ከቬርን ቢወስድም ታሪኩን እንዳለ አልገለበጠም። ናዲያ አፍሪካ ውስጥ የተወለደች ጥቍር ልጅ ስትሆን፣ ኔሞ ደግሞ የጠፋ መንግሥት ንጉሥና የእርሷ አባት ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ኤትዜል የኔሞን ማንነት ያስለወጠው ገበያን ፈርቶ ነው፤ ጃፓናውያኑ ግን የለወጡት አዲስ ታሪክ ለመንገር ነው። ይህም ሆኖ ኔሞ በሁሉም ዘንድ አገሩን ያጣና ሐዘኑን በባሕር ውስጥ የሸሸገ ሰው ሆኖ ቀርቷል። የድርሰትን ቅርጽ የሚለውጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት የትኛው እንደሚለወጥና የትኛው ሊነካ እንደማይገባ ነው።